ቪትዜን ይዤ ብመጣ ትስቁብኛላችሁ? ስለ ኮን ውድድር የጠየቃችሁኝ

የመኪና ክለብ አለን። እሁድ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ኮን (መንገድ ሲዘጋ የሚደረደረውን ሾጣጣ ፕላስቲክ) ደርድረን በየተራ እንነዳለን። አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ይወጣል። ከዚያ ሌላው ይገባል። ጨዋታው ይኸው ነው። ነገር ግን ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ሜክሲኮ ጎሚስታ ጋ ቆሜ፣ ሥራ ቦታ ሊፍት ውስጥ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ወደ ሃያ ሰው መጣ። የቻልኩትን ያህል ጽፌዋለሁ። ክለቡ ውስጥ ሰባት ዓመቴ ነው። ዋንጫ የለኝም። በገፋሁት ኮን ብዛት ግን የሚስተካከለኝ የለም።

ጥያቄ፦ (ከካዛንቺስ የመጣ ወጣት) መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ አንድ ሺህ ሲሲ። ይዣት ብመጣ ትስቁብኛላችሁ?

መልስ፦ ማንም አይስቅም። ቪትዝ ቀላል ናት፣ አጭር ናት፣ መሪዋ ይታዘዛል። ኮን መሃል ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ ከ50፣ ከ60 አይዘልም። ሁለተኛ ማርሽ ትገባለህ፣ እዚያው ትቆያለህ። እዚያ ላይ ትልቅ ሞተር ምን ይሠራልሃል? አውቶማቲክ ብትሆንም ችግር የለም።

ደግሞ ያለነው አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛውን እስከ ሩቡን ያህል ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች መኪና እዚህ 55 ገደማ ናት። እየፎከረ የመጣው ጎረቤትህም እኩል አጥቷል። ፍሬንና ጎማ ግን ከፍታ አያውቁም። እኛ ጋ የሚፈረደውም በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ (ባንክ የምትሠራ፣ ከፒያሳ) ሳትዋሽ ንገረኝ፣ ስንት ያስወጣኛል?

መልስ፦ እሺ፣ ሳልዋሽ። ቤንዚኑ ኢምንት ነው። አንዱ ዙር ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በቀን አሥር ጊዜ ብትነጂ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ማደያ ተሰልፈሽ የምታቃጥይው ሳይበልጥ አይቀርም። መዋጮው የቦታ ኪራይ፣ የአምቡላንስና የኮን መግዣ ነው። ለብዙ ሰው ስንካፈለው አይከብድም።

ገንዘብ የሚበላው ጎማ ነው። ኮን ስትዞሪ የፊት ጎማው ወደ ጎን ተኝቶ የውጪው ትከሻው ይበላል። እዚህ ላይ አንዲት ጠመኔ ብዙ ብር ታድንልሻለች። ጎማው መሬት የሚነካበት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ጎኑ ወረድ አድርገሽ መስመር አስምሪ። አንድ ዙር ነድተሽ እይው። ጠመኔው ወደ ጎን ርቆ ከጠፋ ጎማው በጣም እየተኛ ነው፣ ንፋስ ጨምሪ። በሩ ላይ የተጻፈው የንፋስ ልክ 32 ከሆነ ከፊት 36 አድርገሽ ሞክሪ። ስትጨርሺ ወደ ነበረበት መልሺው፤ ረስተሽው አስፋልት ላይ ከወጣሽ መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም እይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ይናገራሉ። 1214 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ጎማው ድንጋይ ሆኗል።

ቀጥሎ ፍሬን። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው፣ ካርቶኑን እይ" ብሎ የፍሬን ሸራ ሸጠልኝ። ካርቶኑ በእርግጥ ያምር ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ፔዳሉ ወረደ፣ ሽታው እስከ ሰዓት ያዡ ደረሰ፣ እኔም የመጨረሻዎቹን ስድስት ኮኖች አንድ በአንድ አጨድኳቸው። ስለዚህ ሸራ ስትገዢ አብሮሽ የሚያውቅ መካኒክ ይኑር። የፍሬን ዘይትም አስቀይሪ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ከእንጦጦ ስትወርጂ የሚሸትሽ ነገር ካለ እኛ ጋ ከመምጣትሽ በፊት ጋራዥ ግቢ።

ሌላ ወጪ የለም። ጭስ ማውጫ አታስቀይሪ። እባክሽ።

ጥያቄ፦ (አንድ አባት) ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቀለበት መንገድ ላይ ይሮጣል የሚል ወሬ ደረሰኝ። እናንተ ጋ ልላከው ወይስ ቁልፉን ልቀማው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም ያድርጉ። ቁልፉን ይቀሙት፣ እሁድ ጠዋት አብረውት መጥተው ይስጡት። ቀለበት መንገድ ላይ እግረኛ ይሻገራል፣ መብራት የሌለው የጭነት መኪና ቆሞ ያድራል። እኛ ጋ ቢሳሳት የሚሞተው ኮን ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። መንገድ ላይ ሲሮጥ የተገኘ አባል በዚያው ቀን ይሰናበታል። ይቅርታ የለም፣ ሽማግሌ መላክ የለም። እሱንም አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሴ ይሸፍናል?

መልስ፦ አይሸፍንም ብለህ ተነሳ። የሦስተኛ ወገን መድን ለመንገድ ነው። ሙሉ ሽፋን ካለህም ውሉን አውጣና የማይሸፈኑትን ዝርዝር አንብብ። ውድድርና የፍጥነት ሙከራ እዚያ ውስጥ መጻፋቸው የተለመደ ነው። ኮን መብራት ቢሰብርብህ ከኪስህ ነው። አልፎ አልፎ ፓራውርቲ ይጫራል። ከዚያ በላይ ጉዳት በሰባት ዓመት አላየሁም፤ ግን መኪናህ የባንክ ዕዳ ካለባት ሁለቴ አስብ።

ጥያቄ፦ (ሁለት ጓደኛሞች፣ እየተከራከሩ የመጡ) ዲኤክስ ትሻላለች ቮልስ?

መልስ፦ ይህን ክርክር እዚህ ካስነሳችሁት እስከ ማታ አንነሳም። አሮጌዋ ቶዮታ ዲኤክስ በኋላ ጎማ ነው የምትገፋው። ጭራዋን መጣል ትወዳለች፣ ልጆቹም የሚወዷት ለዚህ ነው። ግን ጭራ መጣል ለዓይን ነው እንጂ ለሰዓት አይደለም። በተንሸራተታችሁ ቁጥር ሰከንድ እየከፈላችሁ ነው። ካርቡራተሯም በዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላውን ፍቱና ጥቁር ጥላሸት ከያዘ እሱ ነው።

ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ፣ ክብደቷ ከኋላ። ስትነሳ መሬት ትቆነጥጣለች። የድሮዎቹ ላይ ግን መታጠፊያ መሃል ድንገት እግርህን ከቤንዚን ካነሳህ የኋላ ጎማው ከሥር ይታጠፍና ቂጧን ታነሳለች። ያስደነግጣል። ቢሆንም አትናቋት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን የረጅም መንገድ ውድድር፣ ሳፋሪ ራሊን፣ ያሸነፈችው ቮልስ ናት። እኔ? እኔ ለቮልስ አደላለሁ። አባቴ ነበረው።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። ልቅር?

መልስ፦ እንዲያውም ለአንተ ነው ቦታው ያለን። ሁልጊዜ የሚያንሰን ኮን የሚያነሳ ሰው ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ትለብሳለህ፣ መታጠፊያው ላይ ትቆማለህ። ኮን ሲወድቅ ሮጠህ በጠመኔ በተከበበው ቦታው ትመልሰዋለህ፣ በሬዲዮ ቁጥሩን ትናገራለህ። ኮኑ ከተገፋ ግን ቆሞ የጠመኔውን መስመር እየነካ ከሆነ አይቆጠርም። ከወደቀ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ከወጣ ይቆጠራል። አሜሪካኖቹ ለአንድ ኮን 2 ሰከንድ ይጨምራሉ፤ እኛም እንደዚያው። መንገድ የሳተ ደግሞ ዙሩ አይያዝለትም።

ጀርባህን ለመኪና አትስጥ፣ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ከባድ ሕግ ይኸው ብቻ ነው። እዚያ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው መሪ ሳይጨብጥ ብዙ ይማራል። ማን ቀድሞ እንደሚያጥፍ፣ ማን ዘግይቶ ፍሬን እንደሚይዝ፣ ማን ኮኑን ብቻ እያየ ኮኑ ላይ እንደሚወጣ ቆመህ ታያለህ። ዓይን የሄደበት መኪናው ይሄዳል፤ ሁሌ ቀጣዩን እንጂ አጠገብህ ያለውን አትይ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናውን የሚያውስህ አይጠፋም። አንድ መኪና ሁለት ሦስት ሰው ይነዳዋል።

ጥያቄ፦ ሴቶች አሉ?

መልስ፦ አሉ፣ ግን ገና ጥቂት ናችሁ። ለብቻ ምድብ አንከፍትም፤ ሰዓቱ ወንድ ሴት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1981 ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን ጣሊያን ሳንሬሞ ላይ የዓለም ራሊ ውድድር ስታሸንፍ ከኋላዋ የቀሩት ወንዶች ናቸው። የእኛ ፈጣን ነጂም ሴት ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ ታፍራለች።

ጥያቄ፦ ኮን ብቻ ነው? ረጅም መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ። በፍጥነት ሳይሆን በትክክለኛ ሰዓት የሚሸነፍ ጉዞ ነው። ነጂና መንገድ መሪ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። ወረቀት ይሰጣችኋል፦ እስከ ድልድዩ 10 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 40። ስለዚህ በ15 ደቂቃ መድረስ አለባችሁ። የት እንደሆነ የማይነገር ቦታ ላይ ሰዓት ያዥ ተደብቋል። አንድ ሰከንድ ብትዘገዩ ነጥብ ይቆረጣል፣ አንድ ሰከንድ ብትቀድሙም ይቆረጣል። አማካዩ ሁልጊዜ ከመንገዱ ሕጋዊ ፍጥነት በታች ነው። ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰበታ እንወጣ ነበር።

ባልና ሚስት ሲገቡ ማየት አለባችሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ጥንድ ወረቀቱ ላይ 1፡15 የሚለውን መነሻ በፈረንጅ ሰዓት መስሏቸው ቤታቸው ምሳ በሉ። እኛ ተመልሰን ቡና ስንጠጣ መጡ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ላይ "በኢትዮጵያ ሰዓት" ብለን በትልቁ እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይበቃል?

መልስ፦ ለኮን ይበቃል። አገጭ ማሰሪያው ላይ ክብ ውስጥ የተጻፈች "E" ፊደልና ቁጥር ፈልግ፤ የአውሮፓ ምርመራ ምልክት ናት። ለመኪና ውድድር የሚሠራው የውስጡ ጨርቅ እሳት ይቋቋማል፣ ለዚህ ነው የሚወደደው። ራሊ እስክትገባ አያስፈልግህም። አንዴ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ግን ደህና ቢመስልም ጣለው።

ጥያቄ፦ (ባለ አይዲ ፎር) ኤሌክትሪክ መኪና ታስገባላችሁ?

መልስ፦ እናስገባለን። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አባል ሁሉ በኤሌክትሪክ እየመጣ ነው። ከፍታው ጉልበታችሁን አይቀንስም፣ እዚያ ላይ ትበልጡናላችሁ። ግን መኪናህ ከ2,000 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። መጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ክብደቱን ትሰማዋለህ፣ ጎማህ ደግሞ ወር ሳይሞላ ይነግርሃል። የእኛ ትንሿ የዱቄት እሳት ማጥፊያ የባትሪ እሳት አትችልም። ስለዚህ ለእናንተ የተለየ መቆሚያ አለን፣ የእሳት አደጋ መከላከያው 939ም ስልካችን ላይ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ "መንገድ ለሰው" ቀን መንገዱ ዝግ ነው። ለምን እዚያ አትነዱም?

መልስ፦ ስሙን አንብበው እስቲ። ከ2011 ጀምሮ ያ መንገድ የሚዘጋው ልጆች ብስክሌት እንዲነዱበት ነው። እኛ ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደልን፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚያውቀው፣ ዙሪያው የታጠረ ቦታ ላይ ብቻ እንነዳለን። ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መመላለሱ ከመንዳቱ ይከብዳል፤ የክለቡ ግማሽ ሥራም እሱ ነው። ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ከነጂ በፊት እንቀበለዋለን።

ጥያቄ፦ ክለብ ገብቼ ሳፋሪ ራሊ እደርሳለሁ?

መልስ፦ ናይሮቢ ሩቅ አይደለም፣ ራሊው የሚካሄድበት ናይቫሻም። ሳፋሪው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰ ወዲህ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ እዩት። መወዳደር ግን ፈቃድ፣ መኪናው ውስጥ የሚገጠም የብረት ክፈፍ፣ እሳት የማይበላው ልብስና አንገት የሚይዝ ዕቃ ይጠይቃል። ገንዘቡ ሌላ ዓለም ነው። ኬንያዊው ነጂ ሼካር መህታ 5 ጊዜ አሸንፎታል። አንተ መጀመሪያ አሥር ዙር ያለ ኮን ጨርስ።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያው እሁድ ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎዋ ያላለፈ መኪና፣ የተዘጋ ጫማ። በጫማ ነገር አልደራደርም፤ ስሊፐር ፔዳል ሥር ሲገባ አይቻለሁ። ማታውኑ መኪናህን አራግፍ። ክሪክ፣ ስኮርታ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ምንጣፍ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ሁሉም ይውጣ። ባትሪውን ነቅንቀው፣ ከተነቃነቀ አሳስረው። የጎማ ዳዶዎችን በቺያቬ አጥብቅ። በሩ ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ሰው አለን፣ ያልጠበቀ ካገኘ ይመልስሃል። እኔንም መልሶኝ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ክረምት ታቆማላችሁ?

መልስ፦ አናቆምም። እርጥብ አስፋልት ላይ በ30 የምትማረውን ደረቁ ላይ በ60 አታገኘውም፣ ጎማውም አይበላም። ውሃ ካቆረና በረዶ ከጣለ ብቻ እንበተናለን። የዝናብ ልብስ ግን ያዝ፤ ከሰዓት ኮን ማንሳት ያንተ ተራ ነው።