ኳሷ ፍሊፐሩን ዘልቃ ለምን ታልፋለች? የፒንቦል ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ሳምንት ከመሃል አዲስ አበባ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም በኮምፒውተር ስለሚሠራ የፒንቦል ጠረጴዛ ናቸው። ጨዋታውን በአካል ያላዩ አንባቢዎች ዘንበል ባለ ጠረጴዛ ላይ የምትንከባለል የብረት ኳስንና፣ ወደ ታች እንዳታመልጥ የሚመቷትን ፍሊፐር የተባሉ ሁለት ክንፎች በዓይነ ኅሊናቸው ይሳሉ።

ከፒያሳ፦ «ኳሷ በፍጥነት ስትመጣ ፍሊፐሩን ዘልቃ ታልፋለች። የፍሊፐሩን ጉልበት ብጨምርም ባሰበት እንጂ አልተስተካከለም።»

ጉልበቱን ወደነበረበት ይመልሱት፤ ችግሩ የስሌቱ ድግግሞሽ ማነስ ነው። ፕሮግራምዎ እንቅስቃሴውን በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚያሰላ ከሆነ፣ በሰከንድ 5 ሜትር የምትጓዝ ኳስ በሁለት ስሌቶች መካከል 83 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች። የእውነተኛዋ ኳስ ዲያሜትር 27 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንዱ ስሌት ከፍሊፐሩ በላይ፣ በሚቀጥለው ከበታቹ ትገኝና ፕሮግራሙ ግጭቱን ሳያየው ይቀራል። ፒንቦልን በኮምፒውተር እንደሚያስመስለው እንደ ቪዥዋል ፒንቦል ኤክስ ፕሮግራም በሰከንድ 1000 ጊዜ ቢያሰሉ ግን እርምጃዋ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሥዕሉ በሰከንድ 60 ጊዜ መታየቱን ይቀጥል፤ ሥዕሉና ስሌቱ አንድ ሰዓት መጋራት የለባቸውም።

በላኩልኝ ኮድ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት አይቻለሁ። ቁልፉ ሲነካ የፍሊፐሩን ማዕዘን በቀጥታ ይቀይሩታል፤ እንዲህ ሲሆን ፍሊፐሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተንቀሳቀሰም፣ ስሌቱም ፍጥነቱን ዜሮ አድርጎ ስለሚይዘው ለኳሷ የሚያቀብላት ምት የለውም። ፍሊፐሩን በዘንጉ ላይ የሚዞር፣ ክብደት ያለው አካል ያድርጉትና የሚያዞረውን ኃይል ይስጡት። ያኔ ጫፉ ከዘንጉ አጠገብ ካለው ክፍል ስለሚፈጥን፣ ተጫዋቹ የት ቦታና መቼ እንደሚመታ በመምረጥ ማነጣጠር ይችላል።

ከአራት ኪሎ፦ «ኳሷ እንደ ፊኛ ትንሳፈፋለች። ስበቱን ልጨምር?»

አይጨምሩ፤ አስቀድመው ይለኩ። በ6.5 ዲግሪ ያዘነበለና 1.07 ሜትር የሚረዝም ሜዳን፣ ሳትንሸራተት የምትንከባለል ድፍን ኳስ ከቆመችበት ተነስታ በ1.6 ሰከንድ ገደማ ትወርደዋለች። የእርስዎ ከዘገየች ምናልባት ጠረጴዛው ከልኩ በላይ ተስሏል፤ በእጥፍ ርዝመት ከተሳለ ጊዜው 1.4 እጥፍ ይሆናልና። ሰበቃንም ዜሮ አያድርጉ። ያለ ሰበቃ ኳስ ትንሸራተታለች እንጂ አትንከባለልም፤ ከረንቡላ የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ከካዛንቺስ፦ «ፍሊፐሩን ከፍ አድርጌ ኳሷን ላሳርፍበት ስል ነጥራ ትሄዳለች።»

ፍሊፐሩ የሚለበስበት እውነተኛ ላስቲክ በኃይል ሲመታ ከፍጥነቱ መልሶ የሚሰጠው ድርሻ፣ በቀስታ ሲመታ ከሚሰጠው ያንሳል። የእርስዎ ላስቲክ ግን ሁልጊዜ እኩል ይመልሳል፤ ስለዚህ የምቱ ፍጥነት ሲጨምር ድርሻው እንዲቀንስ ያድርጉ። በእውነተኛው ማሽን ደግሞ ፍሊፐሩን የሚስበው ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል) በብርቱ ኃይል ካነሳው በኋላ በአነስተኛ ኃይል ብቻ ይዞ ያቆየዋል። ይህንንም ቢኮርጁ ፍሊፐሩ ኳሷ ስታርፍበት ጥቂት ሸብረክ ብሎ ግጭቱን ይውጣል።

ከሜክሲኮ አደባባይ፦ «ስፒነሩ፣ ማለትም ኳሷ ስትመታው የሚሽከረከረው ሳህን፣ አንዴ ከተመታ መዞሩን አያቆምም።»

በየስሌቱ ፍጥነቱን በ0.98 ያባዙት፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሰላ ከአንድ ሰከንድ በኋላ 30 በመቶው ገደማ ይቀራል። የፒያሳውን ጠያቂ ምክር ተከትለው ስሌቱን 1000 ጊዜ ካደረጉት ግን በዚያው ቁጥር ስፒነሩ ወዲያው ስለሚገተር፣ ማባዣውን ወደ 0.9988 ይለውጡት።