ስልኩ «ደርሳችኋል» ይላል፣ ሣጥኑ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የምንኖረው ከሲያትል ወጣ ብሎ ነው። የ10 ዓመቱ ልጄ ከጓደኞቹ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ለምዷል። አንዱ ጫካ ውስጥ ትንሽ ሣጥን ይደብቃል፣ ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል። ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ስልኩ ደርሳችኋል አለን፤ ብናስስ ብናስስ ምንም የለም። ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ሰው ወስዶት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሣጥኑ ከቆማችሁበት ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ሜትር የሚለውን ቁጥር እንዳለ አትመኚው። ሰማዩ ክፍት የሆነ ሜዳ ላይ እንኳ የስልክ ጂፒኤስ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። እናንተ ጋ ያሉት ረጃጅም ዛፎች ደግሞ የሳተላይቱን ሲግናል ይጋርዱታል፤ ግንድ ላይ እየነጠረም ይዛባል። የደበቀው ሰውም ቦታውን የመዘገበው እዚያው ዛፍ ሥር ቆሞ ነው። የእሱ ስህተት በእናንተ ላይ ሲደመር ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ 10 ሜትር ሲቀራችሁ ስልኩን ኪስሽ ክተቺው። ልጅሽን «አንተ ብትሆን የት ትደብቀው ነበር?» በዪው። እኔ ጨዋታውን የምወደው ለዚህች ሰዓት ነው፤ ልጁ ጫካውን ማየት የሚጀምረው ያኔ ነው። የወደቀ ግንድ ሥር ጭራሮ ጎን ለጎን እኩል ተደርድሮ ካያችሁ የሰው እጅ ነው፤ ነፋስ እንዲህ አይደረድርም። ሌላው ድንጋይ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ አንዱ ብቻ ንጹሕ ከሆነም አንሱት። መሬት መቆፈር ግን የለም፤ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ቀብሮ መደበቅ በደንቡ ክልክል ነው። ቀዳዳ ውስጥ እጅ ከመስደዳችሁ በፊት በእንጨት ነካ አድርጉ። እዚያ ጫካ ሳማም አለና እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሺው።

ከመሄዳችሁ በፊት የጨዋታው አፕ ላይ ያለውን የሣጥኑን ገለጻ አንብቢ። ፍለጋው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለልጅ 1 ወይም 1.5 ይበቃል። መጠኑንም እዪ፤ የድሮ የፎቶ ፊልም መያዣ የሚያክልም አለና ሣጥን ስትፈልጊ እሱን ታልፊዋለሽ። መጨረሻ ላይ የሄዱት ሰዎች ተከታትለው «አላገኘሁም» ብለው ከጻፉ፣ አዎ፣ ተወስዷል ማለት ይሆናል። ሌላ ምረጡ።

ይህ ሁሉ የተጀመረው እናንተ አጠገብ መሆኑን ለልጅሽ ንገሪው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ያን ያቆመው በፈረንጆቹ ሜይ 2000 ነው። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አካባቢ ጫካ ገብቶ ባልዲ አስቀመጠ፤ ቦታውንም ለሕዝብ አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ የቆርቆሮ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ሣጥኑን ይሰብረዋል።

ሣጥኑ ሲገኝ ልጅሽ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍ። ሣጥኑ ውስጥ አሻንጉሊት ኖሮ ከወሰደ በዋጋ የሚተካከለውን ወይም የሚበልጠውን ይተካ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት፤ በእናንተ ዝናብ ወረቀቱ ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ የነበረበት ቦታ፣ እንደነበረው መልሱት። እስክሪብቶም ያዢ፤ ትንንሾቹ ውስጥ አይኖርም።