ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቤታችን ግን ለምን አልዳነም?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ልጆች ሳለን አባታችን እናታችንን ይደበድብ ነበር፤ በኋላም ጥሎን ሄደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በቅርቡ መጥቶ ንስሐ መግባቱን ነገረንና ይቅርታ ጠየቀን። እኔ በጸሎት ብዙ ታግዬ ይቅር አልኩት፤ ነገር ግን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ስሙ ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣል፤ እናቴ ዝም ትላለች። የእምነት ወገኖቻችን ግን «ክርስቲያን ከሆናችሁ ተቀበሉትና አብራችሁ ኑሩ» ይሉናል። ቤታችን ያልዳነው እምነቴ ጎዶሎ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። በልጅነቱ በፍርሃት የኖረ ሰውነት፣ ልብ ይቅር ካለ በኋላም የለመደውን ፍርሃት ቶሎ አይተውም፤ ስለዚህ የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንደ ኃጢአት አይቁጠሩት።

ይቅርታን በእግዚአብሔር ፊት ብቻዎን ሊፈጽሙት ይችላሉ፤ ፈጽመውታልም። ዕርቅ ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ደግሞ ከዚያም በላይ መተማመንን ይጠይቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12፥18 ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ስለመኖር ሲመክር «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ማለቱን ልብ ይበሉ፤ የሌላውን ሰው ድርሻ በእኛ ላይ አልጫነም።

በዚህ ረገድ የዮሴፍን ታሪክ ቀስ ብለው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ፤ ብዙዎቻችን ተቃቅፈው ያለቀሱበትን ቦታ ብቻ እናስታውሳለንና። ወንድሞቹ በ20 ብር ሲሸጡት የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከ20 ዓመታት በላይ አልፈው እህል ፍለጋ በፊቱ በቆሙ ጊዜ እሱ ቢያውቃቸውም ማንነቱን ወዲያው አልገለጠላቸውም። የገለጠው፣ «እንሽጠው» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይሁዳ ራሱ፣ በታናሽ ወንድሙ በብንያም ፋንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲለምን ከሰማ በኋላ ነው። ከዚያም ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት፣ እነዚያው ወንድሞች ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል ብለው ፈሩ። በ17 ዓመት ውስጥ በደግነቱ እየኖሩ እንኳ ይቅርታውን አላመኑትም ማለት ነው። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አለቀሰ እንጂ አልተቆጣቸውም፤ አጽናናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እግዚአብሔር ያልሠራበት ዓመት አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉን በአንድ ቀን አልፈጸመውም። እኔ ተስፋ የማደርገው በተለይ በይሁዳ ነው፤ ወንድሙን የሸጠ ሰው እንዲህ ሊለወጥ ከቻለ፣ የአባትዎ ንስሐም እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

እውነተኛነቱን የሚያሳየው ግን ፍሬው ነው። አባትዎ ያደረጉትን በስሙ ጠርተው፣ «አስቆጥታችሁኝ ነው» ሳይሉ ይናገሩታል? እናትዎ «ገና ነኝ» ቢሏቸው ያለ ቁጣ ይቀበሉታል? የሚያጣድፉ ከሆነ፣ ከይቅርታው ይልቅ የራሳቸውን ዕረፍት እየፈለጉ እንደሆነ ያሠጋኛል። የእጅ ሰንዛሪነት ወይም የዛቻ ምልክት ካዩ ደግሞ መራቅ አለመታዘዝ አይደለም። ያዕቆብና ዔሳውም ተቃቅፈው አልቅሰው ታርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ወደ ሴይር፣ ሌላው ወደ ሱኮት ሄዶ በየፊናቸው ኖረዋል፤ አባታቸውን ይስሐቅን ሲቀብሩ ግን አብረው ነበሩ።

ወገኖቻችሁ በቅንነት እንደሚመክሩ አልጠራጠርም፤ ሆኖም የተደበደበችውን ሴት «ተቀበይው» ብሎ ማስጨነቅ ሸክሙን በቆሰለው ላይ መጫን ስለሆነ በጽኑ እቃወመዋለሁ። እናትዎ የሚፈልጉትን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ዝምታቸውን እንደ እሺታ አይውሰዱት፤ ብቻዎን ሆነው በእርጋታ ይጠይቋቸው። ወንድምዎን ደግሞ አይስበኩት። የሚያስታውሰውን ሊነግርዎት ከፈለገ፣ «ግን እኮ ተለውጧል» ብለው ሳያቋርጡት እስከ መጨረሻው ይስሙት። ፍርሃቱ ዕንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ከጸሎት ጋር የሚጋጭ አይደለም።

አባትዎን ለጊዜው ከቤት ውጭ፣ የምታምኑት የሃይማኖት አባት ወይም አገልጋይ ባለበት፣ ለአጭር ሰዓት ማግኘት ይበቃል። በዚያም ይቅር እንዳሏቸው፣ አብሮ የመኖሩን ጉዳይ ግን እናትዎ ራሳቸው እስኪያነሡት ድረስ ማንም እንዳያነሣባቸው እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሯቸው።