የአስጋሪው ቁስል በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐይቅ ዳር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንንነት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን በዓሣ አስጋሪዎች የሥራ ላይ ጉዳት ላይ ለመሥራት የጤና ጣቢያውን መዝገብ ባገላብጥ ምንም አላገኘሁም። ሐይቁ ላይ ሰው አይጎዳም ማለት ነው?

መልስ፦ ይጎዳል፤ መዝጋቢ ነው የጠፋው። እጁ አመርቅዞ የመጣ አስጋሪ «የእጅ ቁስል» ተብሎ ይጻፋል፤ የቆረጠው መረብ ይሁን ማጭድ የሚጠይቀው የለም። የሰጠመውማ ከነጭራሹ ጤና ጣቢያ አይደርስም። ቀጣሪ ስለሌለው ጉዳቱን የሚያሳውቅለት አካልም የለም። የዓለሙም ቁጥር ከዚህ አይሻልም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዓሣ ማስገር ሥራ በዓመት 32,000 ያህል ሰው ይሞታል ሲል ኖሮ፣ በአስጋሪዎች ደኅንነት ላይ የሚሠራው ፊሽ ሴፍቲ ፋውንዴሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ከ100,000 በላይ ሆነ። ባሕሩ በድንገት አልከፋም፤ ቀድሞ ያልተቆጠሩት በብዙ ሺህ ነበሩ።

ስለዚህ መዝገቡን ይተዉትና ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ ወደሚመለሱበት ዳርቻ ይውረዱ። «ባለፉት 12 ወራት ከሥራ ያስቀረዎት ጉዳት ደርሶብዎታል?» ብለው ይጠይቁ። በሳምንት ስንት ሌሊት ውኃ ላይ እንደሚያድሩም ይጻፉ፤ ያለዚያ ዕለት ተዕለት የሚወጣውን አልፎ አልፎ ከሚወጣው ጋር ይደባልቁታል። የሞቱትን ግን በሕይወት ያሉትን ስለራሳቸው ጠይቀው አያገኟቸውም። የእድሩን ዳኛ ያነጋግሩ፤ ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሞተ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ነው የምሠራው። ለቢልሃርዝያ መድኃኒት ብውጥም ተመልሶ ይይዘኛል። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል። ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ያላደገውን እምብዛም አይነካም፣ ነገ ከሚገባውም አይከላከልም። ውኃው ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣው የትሉ እጭ ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲጠነክር፣ ወደ ቀትር ገደማ ስለሆነ መረብ ማጠቡንም ገላ መታጠቡንም ወደ ማለዳ ያድርጉት። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ቦቲ ጫማም ይረዳል። ዳርቻው ላይ መጸዳዳት ካልቀረ ግን ሐይቁ ራሱ መልሶ ይበክልዎታል። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲታደል የኖረው በዋናነት ለተማሪዎች መሆኑ ያናድደኛል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚቆመው አባት ተዘለለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የበሽታው ሥርጭት 10 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ከ2 ዓመት ጀምሮ አዋቂዎችም በየዓመቱ እንዲታከሙ መክሯል። ጤና ጣቢያዎ ይህን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዋና እችላለሁ። ጫሞ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ጉማሬ ጀልባዎን በጨለማ ሲገለብጠው፣ ልብስዎ ውኃ ጠጥቶ፣ መረብ እግርዎ ላይ ተጠምጥሞ፣ ዋና መቻልዎ ብዙም አይረዳዎትም። ይሞቃል፣ መረብ ሲስቡ ያውካል፤ አልክድም። ቢያንስ ሲሄዱና ሲመለሱ ይልበሱት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ዓሣ በመበለት እተዳደራለሁ። የአምባዛ እሾህ ጣቴን ወግቶኝ አብጧል።

መልስ፦ እህቴ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይጠቡት። የእሾሁ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ለባለሙያ ያሳዩት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱም ይንገሩ። መቅላቱ ወደ ክንድ ከወጣ ወይም ካተኮሰዎት አንድ ሌሊት አይደሩበት። ሲድኑ፣ ዓሣውን በሚይዙበት እጅ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ቢላዋ የያዘው እጅ ባዶውን ቢሆንም ግድ የለም።