ጥልቀት ለሌለው ውኃ ያገለገለች ጀልባ ስትመርጡ፦ ጥያቄና መልስ

ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆኑትን ቀላል የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች፣ ስኪፍ የሚባሉትን፣ ስገዛ፣ ስጠግንና ስሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያገለገለች ጀልባ ለመግዛት የተነሡ ሰዎች የላኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልስ ተቀመጥኩ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጀልባዎች አይቻለሁ። የአንደኛዋ ሻጭ «በ15 ሳንቲ ሜትር ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች» ይላል፤ የሁለተኛዋ ባለቤት «20 ትፈልጋለች» ይላል። የመጀመሪያዋን ልውሰድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ከመቀበልህ በፊት ያ ልክ ሲወሰድ ጀልባዋ ምን ተሸክማ እንደነበር ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባዶዋን ስትሆን የምትጠልቅበት ልክ ነው። አንተ ግን ባዶ ጀልባ ይዘህ ዓሣ አታሰግርም።

ነገሩ በስሌት ይታያል። ውኃው ላይ ያረፈው አካሏ 5 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ካለው፣ አፍንጫዋ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ የምትሸፍነው የውኃ ገጽ ወደ 6 ካሬ ሜትር ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር በጠለቀች ቁጥር 60 ሊትር ውኃ ትገፋለች፤ ይህም 60 ኪሎ ነው። እንግዲህ ደምር፦ ሁለት ሰው 150 ኪሎ፣ 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ባትሪ 50 ኪሎ፣ በረዶው፣ የመጠጥ ውኃው፣ መልሕቁና የማስገሪያ ዕቃው 55 ኪሎ። ሦስት መቶ ኪሎ ሞላ። ይህ 5 ሳንቲ ሜትር ነውና 15 የተባለችው ጀልባ 20 ሆነች። ያውም ጭነቱ በእኩል ከተከፋፈለ ነው። ወደ ኋላ ካደላ ኋላዋ ከዚያም በላይ ይጠልቃል፤ መሬቱን ቀድሞ የሚነካውም እሱ ነው።

ስለዚህ የሁለተኛዋ ባለቤት «20» ያለው ሰው ተሳፍሮባት ከለካ፣ ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ናቸው፤ ምናልባትም እውነተኛው ሻጭ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በራሴ እንዴት ልለካቸው? መሣሪያ የለኝም።

መልስ፦ ሜትርና ነጭ ፕላስተር ይበቃሃል። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች ከሆዷ ዝቅተኛ ቦታ ጀምረህ ወደ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ጎኗ ላይ ምልክት ለጥፍ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ከዚያ ውኃ ላይ አውርዳችሁ አንተና ጓደኛህ ዓሣ ስታሰግሩ በምትቆሙበት ቦታ ቁሙ፤ ሌላ ሰው ከዳር ሆኖ ምልክቱን ያንብብ። ሁለተኛዋንም በዚያው ሰውና በዚያው ጭነት ሞክራት። ሰው የተለያየ ጭነት ጭኖ የሞከራቸውን ጀልባዎች «አወዳደርኩ» ሲለኝ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያወዳደረው ጭነቱን ነውና።

እዚያው ሳለህ ሁለት ነገር ጨምር። አንደኛ፣ ቆማ የምትንሳፈፍበትና ሞተር ተነሥቶ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት የምትጀምርበት ጥልቀት አንድ አይደለም። ስትነሣ ኋላዋ ወደ ታች ስለሚቀመጥና ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለርም ከሆዷ በታች ስለሚወርድ፣ ከመንሳፈፊያዋ እጥፍ በላይ ውኃ ልትፈልግ ትችላለች። በ20 ሳንቲ ሜትር ገብተህ ውኃው ሲሸሽ ልትወጣ ካልቻልክ መግባትህ ምን ይጠቅምሃል? ሁለተኛ፣ ሞተሩን አጥፍተህ በዘንግ እየገፋህ ነፋስ ባለበት ሂድና ጆሮህን ስጥ። ትናንሽ ማዕበሎች የሆዷን ጠርዝ በጥፊ ሲመቱት የሚሰማው ድምፅ በአንዳንድ ጀልባ ላይ በጣም ይጮኻል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ያንን ድምፅ ከሩቅ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ ከፋይበርግላሱ ውስጥ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ከውጭ ይታወቃል? ቀለሟ አዲስ ይመስላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለም ያታለለው ሰው እዚሁ አለልሽ። ሁለተኛዋን ጀልባዬን የገዛሁት ስላማረችኝ ነበር። አንድ ወቅት ሙሉ «ይህ ሞተር ለምን ደከመ?» እያልኩ ካንዴላ ስቀይር፣ ካርቡራተር ሳጸዳ ከረምኩ። በመጨረሻ ከነተጎታቿ የመኪና ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ ከዚያ ተጎታቹን ብቻውን መዘንኩ። ልዩነቱን ከፋብሪካ ክብደቷ ጋር ሳስተያየው 140 ኪሎ ያህል ትርፍ ነበራት። ወለሉን ስንከፍት እንዳትሰምጥ ተብሎ ከወለሉ ሥር የተሞላው ፎም ውኃ ጠጥቶ እንደ ሰፍነግ ሆኗል። ምክንያቱ አንድ መቀመጫ ነው፤ ቀድሞ የያዛት ሰው ወለሉን በስቶ በብሎን ሲያስረው ቀዳዳዎቹን በማሸጊያ አልደፈናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሚዛን ጀልባ አልገዛሁም። የፋብሪካውን ክብደት አግኚ፤ ሞተር፣ ነዳጅና ባትሪ በዚያ ውስጥ መቆጠር አለመቆጠራቸውንም አጣሪ፤ ከዚያ መዝኛት። በተጨማሪም በፕላስቲክ መዶሻ ወይም በመፍቻ እጀታ ወለሉንና ጎኑን በቀስታ እያንኳኳሽ ሂጂ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ወይም የረጠበው «ዱፍ» ይላል። በተለይ ብሎን የገባባቸውን ቦታዎች ሁሉ አንኳኪ። ስትራመጂ ወለሉ ከሥርሽ የሚለጠጥ ከሆነም ልብ በይ። በማዕዘን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ከላይኛው ሽፋን አያልፍም፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ሲጫን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ጉዳቱ ጥልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ መበስበሱን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች የዚህ ግድግዳ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውኃ በብሎን ቀዳዳ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ሞተሩን በከፊል ወደ ላይ አንሣውና ታችኛውን ጫፉን ይዘህ ወደ ታች ጫን፣ ልቀቅ፣ ጫን፣ ልቀቅ። ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው አብሮ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ማሰሪያ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከታየ ጀልባዋ ትልቅ ጥገና ትፈልጋለች። ጥገናው ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተር መውረድ፣ ፋይበርግላስ መቆረጥና እንደገና መሠራት አለበት። ዋጋውን ከመነጋገርህ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ አሳይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌው ባለ ሁለት ምት ሞተር ወጥቶ አዲስ ባለ አራት ምት የተገጠመላት ጀልባ አገኘሁ። ይህ ጥቅም አይደለም?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ባለ አራት ምት ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ የፈረስ ጉልበት ብዙውን ጊዜ በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ክብደት ይጨምራል፤ ክብደቱም የሚያርፈው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ጀልባዋ የተነደፈችው ለቀላል ሞተር ከሆነ ኋላዋ ይቀመጣል። ሁለት ሰው ከኋላ ቁሙና የወለሉን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ተመልከት። ውኃ በእነሱ በኩል ወደ ውስጥ ከመጣ ሞተሩ ከብዷታል። ባትሪና ሰልባቲዮ ወደ ፊት በማዛወር ጥቂት ይስተካከላል፤ ብዙ ግን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ 300 ሰዓት ብቻ ሠርቷል ተባልኩ። ዕድሜው 15 ዓመት ነው። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ እኔ በ5 ዓመት 900 ሰዓት በእንክብካቤ የሠራውን እመርጣለሁ። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ነዳጁ ይረጋበታል፣ የውኃ ፓምፑ ጎማ ይደርቃል፣ ከጨው ውኃ ተመልሶ ካልታጠበ ማቀዝቀዣ መስመሮቹ ይዘጋሉ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች የሠሩትን ሰዓትና የዞሩበትን ፍጥነት በውስጣቸው ባለ ኮምፒውተር ይመዘግባሉ፤ መካኒክ ያንብብልህ።

ስትደርስ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ንካው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ ጠዋት ላይ አልነሣ የሚል ሞተር ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ አስነሣው። ሲነሣ ከጎኑ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውኃ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ከዚያ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ፤ የሲሊንደሮቹ ቁጥር እርስ በርስ ከ10 በመቶ በላይ መራራቅ የለበትም። በመጨረሻም የማርሽ ዘይቱን ጥቂት አፍስስ። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውኃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ ተበላሽቶ ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም ወይስ ፋይበርግላስ?

መልስ፦ የምትሄድበት ውኃ ድንጋያማ ከሆነ አሉሚኒየም፤ አሸዋና ሣር ከሆነ ፋይበርግላስ። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ድምፅ ግን ያስተጋባል። በሪቬት የተያያዘች ከሆነች ተጎታቹ ላይ እንዳለች ውስጧ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ሙላና ከሥር የሚንጠባጠበውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርግ። በብየዳ የተሠራች ከሆነች የብየዳውን መስመር ዳርና ዳር ተከተል፤ ስንጥቅ ቢኖር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆቼን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። ጠፍጣፋ ሆድ ያላት ጀልባ ማዕበል ትችላለች?

መልስ፦ በዚህ ላይ ማንም እንዲያሳምንሽ አትፍቀጂ። ሆዷ በተዘረጋ ቁጥር ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ትመቻለች፣ ማዕበል ላይ ደግሞ ትንገጫገጫለች፤ ጎኗም ዝቅተኛ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩ ጀልባዎች ሰሌዳ ላይ የምድብ ፊደል አለ። «ዲ» ማለት እስከ ቦፎርት 4 (ቦፎርት የነፋስ ኃይል መለኪያ ነው) ለሚደርስ ነፋስና እስከ 0.3 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል፣ «ሲ» ማለት ደግሞ እስከ ቦፎርት 6ና እስከ 2 ሜትር ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ስኪፎች የተጠለለ ውኃ ጀልባዎች ናቸው። ሰሌዳው ላይ የሚፈቀደው የሰው ቁጥርና ክብደትም አለ፤ ሰሌዳው ተነቅሎ ከሆነ ለምን እንደተነቀለ ጠይቂ። የልጆቹ መንሳፈፊያ ሰደርያ በክብደታቸው ልክ ይገዛ፤ የአዋቂ ሰደርያ ሕፃን ላይ ይሾልካል።

ጥያቄ፦ ተጎታቹስ?

መልስ፦ ጎማው ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ኩሽኔታውን ጎማውን አንሥተህ አሽከርክረህ አዳምጥ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተጎታቹ የጀልባዋን ሆድ አበላሽቶ እንደሆነ ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ከሆዷ የኋላ ክፍል ሥር አስደግፍ። ወደ ታች የታጠፈ ቦታ ካለ ስትሮጥ አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ትቀብራለች።

ጥያቄ፦ ሻጩ ውኃ ላይ አናወርዳትም አለ።

መልስ፦ አትግዛት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብቻዬን ነው የማሰግረው። አንዷ ቀላል፣ አሮጌ፣ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ናት። ሌላዋ አዲስ፣ ሰፊ፣ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት። ልጆቼ ሁለተኛዋን ይላሉ።

መልስ፦ አባቴ፣ የልጆችዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ሰፊ ስለሆነች ሲቆሙባት ብዙ አትናወጥም፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ክብደት ብቻዎን ከአሸዋ ላይ ገፍተው ያወጡታል? ቀላሏ የኋላ ግድግዳዋ ጠንካራ፣ ክብደቷም ከፋብሪካው ጋር የሚስማማ ከሆነ እሷን እመርጥልዎታለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ግን ሁለቱም ላይ ወጥተው ጠርዝ ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ወርደው መልሰው ይሳፈሩ። ያለ ሰው እርዳታ ተመልሰው የወጡባትን ይግዙ።