አሮጌ ስፒከር ለምትገዙ ልጆቼ

አሮጌ ስፒከር ፍለጋ ሰኞ ገበያን ለምታስሱ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እዚሁ ደሴ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። የእናንተ ነገር ደስም ይለኛል፣ ያሳስበኛልም። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ ወዲያው እጃችሁን ኪሳችሁ ትከታላችሁና።

ስም አይታችሁ ዋጋ አትቁረጡ። ሃምሳ ዓመት የኖረ ስፒከር ማግኔቱና የብረት አካሉ እኛን ሁላችንን ይቀብሩናል። የሚሞቱት ድምፁን በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ ያለው ስፖንጅና ሣጥኑ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ናቸው። ስለዚህ የፊቱን ጨርቅ አንሡና የዉፈሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የትልቁን ክብ፣ ጠርዝ በጣታችሁ ጫፍ ዳሰስ አድርጉት። ስፖንጅ ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ይበሰብሳል፤ ፀሐይና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ጣታችሁ ላይ ጥቁር ትቢያ ወይም የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ አልቆለታል። ስመ ጥሩው የአሜሪካ ስፒከር ኤአር 3ኤ በዚህ ይታወቃል፤ ጄቢኤል የተባለው ኩባንያ የሠራው የኤል100 ስፒከር ዉፈር ግን ዙሪያው ስፖንጅ ስላልሆነ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው። የረገፈ ስፖንጅ ስፒከሩን አያስጥልም፤ ዋጋውን ግን ያስወርዳል። የድሮውን ሙጫ ጠርጎ፣ በልኩ የተቆረጠ አዲስ ቀለበት መሐሉን ጠብቆ መለጠፍ ትዕግሥት ላለው እጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች በወረቀቱ ዙሪያ አኑሩና እኩል፣ በዝግታ ወደ ውስጥ ግፉት። ዝም ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ሽርክት ሽርክት የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጥቅልል ሽቦው ማግኔቱን እየፋቀ ነውና ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከያዛችሁ የሽቦውን ኦም ለኩ። ጤነኛ የ8 ኦም ዉፈር ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ያሳያል። ከሣጥኑ ጀርባ ስትለኩ ግን የምታገኙት የዉፈሩን ብቻ ነው። ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን፣ ኮንደንሰሩ ስለሚጋርደው ፈትታችሁ ለብቻው ለኩት። ትዊተር መቃጠሉ ሳይታወቅ «ትንሽ ይደፈናል እንጂ ደህና ነው» ተብሎ ሲሸጥ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁለቱ ስፒከሮች ጀርባ ባለው የሽቦ መግቢያ ላይ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአንድ አፍታ ስታስነኩም ሁለቱ ዉፈሮች ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው። አሮጌ ጄቢኤል ከሌላው በተቃራኒ ወደ ውስጥ ቢሳብ አትደንግጡ፣ አሠራሩ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ግን ወይ ሽቦው ተገላብጧል፣ ወይ አንዱ በሌላ ተቀይሯል። ያን ጊዜ ጀርባቸውን ፈትታችሁ የማግኔቱን ቁጥር አመሳክሩ።

ለማዳመጥ ደግሞ የምታውቁትን ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የምወደው መንዙማ ነው። ድቤው ዉፈሩን ይፈትነዋል፤ የአንድ ሰው ድምፅ ደግሞ ከአፍንጫ የሚወጣ መስሎ ከተሰማ ሣጥኑን ወይም ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። በአምባሰል ቅኝት የተገረፈ ክራር ትዊተሩን ያጋልጠዋል። ባስና ትሬብሉን ሁሉ መሐል ላይ አድርጉ። ሻጩ ባሱን ከፍ ካደረገላችሁ የሚሸፍነው ነገር አለ።

ትዊተር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ አይደለም። ትንሽ አምፕሊፋየር እስከ ጫፉ ሲከፈት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያ የተሰነጠቀ ሞገድ ነው ትዊተሩን የሚያጋየው። ስለዚህ ሠርግ ቤት አትውሰዱት።

እንደ ደሴ ባለ ብርዳምና ጉማም አገር ሣጥኑን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሡት፤ የተጨመቀ እንጨት እርጥበት ከጠጣ ያብጣል። ገዝታችሁ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሳይጀመር ሣጥኑን በደንብ አስደግፉት። ሹፌሩ ጣራ ላይ ልጫነው ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት።