ሳይሳፈር የቀረውን ማን ይቁጠር? ከቦሌ አራብሳ፣ ጥያቄና መልስ

በሙያዬ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። የዳታ ሳይንስ፣ ማለትም ብዙ መረጃን በስታቲስቲክስና በኮምፒውተር የመተንተን ሙያ፣ ለከተማ አስተዳደር ምን እንደሚጠቅም የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የአውቶቡስ ትኬት ሽያጭ ተመዝግቦ እያለ፣ የትራንስፖርት ችግራችንን ለማወቅ ሌላ ጥናት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የትኬት መዝገብ የሚያሳየው የተሳፈረውን ሰው ነው። ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ አውቶቡሱ ሞልቶ ሲያልፈው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰ፣ ወይም ሳይወድ በግዱ ለሚኒባስ ከታሪፍ በላይ የከፈለ ሰው በመዝገቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስምሪት የሚያወጣው ባለሙያ በትኬቱ ብቻ ከተመራ፣ አውቶቡስ የሚበዛበት መስመር ብዙ ፈላጊ ያለው፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ደግሞ ፈላጊ የሌለው ይመስለዋል፤ ተጨማሪው አውቶቡስም ቀድሞ ወደነበረበት ይመደባል። ዳርቻውን በብዛት የሚጎዳው እንዲህ ያለው ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ። የሰልፉን ርዝመትና የጥበቃውን ጊዜ በየሰዓቱ መዝግቦ አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ ከሚያሳየው የጂፒኤስ መረጃ ጋር ማመሳከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። (ተራ አስከባሪዎች ግማሹን በቃላቸው ያውቁታል።)

ጥያቄ፦ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እነዚህ ሕንፃዎች አልነበሩም። ታዲያ ብዛታችንን በምን ታውቃላችሁ?

መልስ፦ በዚያ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬም በብዙ ዕቅዶች ላይ የሚሠራው ከዚያ በመነሣት በተገመተ ቁጥር ነው። የከተማዋን መስፋፋት ከሳተላይት ማየት ይቻላል፤ ለምሳሌ ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ፕሮግራም በነፃ የሚያቀርባቸው ምስሎች እስከ 10 ሜትር ድረስ ይለያሉ። ነገር ግን ጣሪያ ሰው አይደለም፤ በአንድ የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ ስንቱ ቤት ለተከራይ በየክፍሉ እንደተከፋፈለና ስንቱ እንደተዘጋ ምስሉ አይናገርም። ስለዚህ በናሙና በተመረጡ ብሎኮች ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ፣ ከዚያም ውጤቱን ከምስሉ ጋር አዛምዶ ለቀሪው አካባቢ መገመት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔዋ ልጅ ተመርቃ ቤት የተቀመጠችው ከመሀል ከተማ ስለራቅን ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ ርቀቱ ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይደለም። በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ድጎማ፣ ለሌላው ደግሞ የሥራ ማመልከቻ አዘገጃጀት ሥልጠናና የችሎታ ማረጋገጫ የሰጠ ጥናት ተደርጓል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረድተዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በገቢ ላይ ለውጥ የታየው በሁለተኛው ቡድን ነው። ስለዚህ ችሎታዋን ለቀጣሪ የምታሳይበት ማስረጃ እንዲኖራት ይርዷት።

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የተሰረዘው መረጃው በመነካካቱ ነው። ኮምፒውተርን እንዴት እንመን?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጡበት ያ ዕጣ የከሸፈው ስሌቱ ከብዶ አይደለም፤ መረጃውን የሚነካው እጅ ተቆጣጣሪ ስላጣ ነው። የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ከዕጣው በፊት ለሕዝብ ቢገለጽና ዕጣውን የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሠሩት ሰዎች ውጪ ያሉ ባለሙያዎች ቢመረምሩት፣ ማጭበርበሩ እጅግ በከበደ ነበር። በትክክል የወጣ ዕጣ ለተመራማሪም ይጠቅማል፦ የደረሰውንና ያልደረሰውን የሚለየው ዕድል ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ማግኘት በኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ አነጻጽሮ መለካት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የስልካችንን መረጃ ትጠቀማላችሁ?

መልስ፦ እኔ አልጠቀምም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለመንገድ ጥናትም የየሰፈሩ ድምር ይበቃል፣ የግለሰቡ ስም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስታቲስቲክስ፣ በተለይም ከናሙና አወጣጥ። ፓይተን ወይም አር የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች በጥቂት ወራት ይለመዳሉ። ከዚያም ማለዳ አንድ ሰልፍ ጋ ቆመህ በራስህ እጅ መዝግብ፤ የምትሞላቸው ሠንጠረዦች ምን እንደሚጎድላቸው እዚያ ይገባሃል።